ከሃዲ የተባሉት ምስክሮች

የጆንስታውንን ነገር ጨርሶ ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። ኖቬምበር 18 ቀን 1978፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 9 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ በደቡብ አሜሪካ በጉያና ጫካ ውስጥ 909 ሰዎች በአንድ ምሽት ያለቁበት ሰፈር ነው። (ከዚህ ወዲያ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ሲወራ ግን ሁልጊዜ ከመጨረሻው ይጀመራል፤ ከመርዙ በርሜልና መሬት ላይ ከተዘረረው ሬሳ። አሜሪካኖች እንዲያውም መቀለጃ አድርገውት፣ አለቃውን በጭፍን የሚከተለውን ሰው ሁሉ «ጠጥቶታል» እያሉ ይሣለቁበታል። ከሞቱት ውስጥ ሲሦው ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችና ሕፃናት እንደ ነበሩ የሚያውቅ ሰው እንዴት ብሎ እንደሚስቅ አይገባንም።

እኛ የምናነሣው የመጨረሻውን ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ነው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን አይተው የወጡ ሰዎች ነበሩ። ወጥተውም ዝም አላሉም። ስለ ድብደባው፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ሐሰተኛው ፈውስ፣ መሪው በሴትም በወንድም ተከታዮቹ ላይ ስለሚፈጽመው ነውር፣ በመጨረሻም ስለ ሞቱ ልምምድ ሳይቀር፣ ስማቸውን ሰጥተውና ፈርመው ተናገሩ። ታዲያ ማን ሰማቸው? ሰምቶስ ምን አደረገ? የምንጽፈው ይህን ለመጠየቅ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ጥቂት እንበል። ጂም ጆንስ በ1931 በኢንዲያና ግዛት የተወለደ ነጭ ሰባኪ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ያቋቋመው ቤተ ክርስቲያን «ፒፕልስ ቴምፕል» ተባለ፤ የሕዝቦች መቅደስ እንደ ማለት ነው። እኛም ከዚህ በኋላ መቅደሱ እያልን እንጠራዋለን። ጥቁርና ነጭ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ መጸለይ እንደ ነውር በሚቆጠርበት አገር የዚህ ቤት በር ለሁለቱም ክፍት ነበር። ሽማግሌ ይጦራል፣ የተራበ ያበላል። ጆንስና ሚስቱ በ1961 ጥቁር ሕፃን በማደጎ ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጉ። በ1965 ከመቶ በላይ ተከታዮቹን አስከትሎ፣ የኑክሌር ጦርነት ሊመጣ ነው እያለ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ገጠር ወደ ሬድውድ ቫሊ ተሻገረ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮና በሎስ አንጀለስ ትልልቅ አዳራሾች ይዞ፣ ሕዝቡን በራሱ አውቶቡሶች ከከተማ ከተማ እያመላለሰ በሺህ የሚቆጠር ጉባኤ የሚሰበስብ ሰው ሆነ። መቅደሱ 20 ሺህ አባላት አሉኝ ይል ነበር፤ መዝገቡን ያጠኑ ሰዎች ግን ከ5 ሺህ አያሳልፉትም። ቁጥር ማጋነን እንግዲህ የዚህ ዓይነት ቤት ሁሉ ጠባይ ነው።

ይህን የምናወሳው ጆንስን ለማሞገስ አይደለም። የገቡበት ሰዎች ሞኞች ነበሩ የሚለውን የተለመደ ፍርድ ስለማንቀበል ነው። አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከእነሱም ውስጥ ብዙዎቹ ከደቡቡ ክፍል ዘረኝነትን ሸሽተው የመጡ፣ በሰው ቤት ሲያጥቡና ሲጠርጉ ያረጁ እናቶች። የሚጦራቸው፣ ሲታመሙ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው፣ «እናታችን» ብሎ ከፊት ወንበር የሚያስቀምጣቸው ቤት አገኙ። ወጣቶቹም ነጭም ሆኑ ጥቁር፣ የቬትናም ጦርነትና የዘር ጭቆና ያስመረራቸው፣ ስለ እኩልነት ማውራት ሰልችቷቸው እኩል ሆኖ መኖርን የፈለጉ ነበሩ። እኛ በዚያ ዘመን እዚያ ከተማ ብንኖር ኖሮ ከመካከላችን ስንቱ በዚያ በር ይገባ እንደ ነበር መገመት ከባድ አይደለም።

ወደ ውስጥ የዘለቀ ሰው ግን ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ያገኛል። ካንሰር ተፋ የተባለው በሽተኛ የተፋው የዶሮ ሆድ ዕቃ መሆኑን ቅርብ የሚሠሩት ያውቃሉ፤ ለሕዝቡ ጥቅም ነው ተብለውም ዝም ይላሉ። መዋጮው ከገቢ ሩብ፣ 25 በመቶ፣ ደረሰ፤ ከዚያ ቤት ሸጦ ማስገባት መጣ፤ ከዚያም ደመወዝንና የጡረታ ገንዘብን አስረክቦ በማኅበር ቤት መኖር። ሌሊቱን የሚያነጉ ስብሰባዎች ነበሩ። አባላት እየተጠሩ ይቆማሉ፣ ጥፋታቸው ይዘረዘራል፣ ባል በሚስቱ ላይ፣ ልጅ በእናቱ ላይ ይመሰክራል። እነሱ «ካታርሲስ» ይሉታል፤ በእኛ አገር ሂስና ግለሂስ የሚባለውን ያየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በቃል የተጀመረው ቅጣት ወደ ቡጢና ወደ ጣውላ አደገ። ለጣውላውም ስም ወጥቶለት «የትምህርት ቦርድ» ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ ቦርድ ጣውላም ነውና ቀልድ መሆኑ ነው። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በጉባኤ ፊት በዚያ ጣውላ 75 ጊዜ ተመታች። ወላጆቿ እዚያው ነበሩ። አለመጮኽ ብቻ ሳይሆን ሲያበቃ ማመስገንም ግዴታ ነበር።

ከጣውላው ይልቅ የረቀቀው ግን ወረቀቱ ነው። አባላት ባዶ ወረቀት ላይ እየፈረሙ ያስረክባሉ። ሌሎችም ያላደረጉትን አደረግን ብለው፣ ልጆቻችንን አስነውረናል፣ መንግሥት ለመገልበጥ አሢረናል እያሉ በገዛ እጃቸው ይጽፋሉ። የታማኝነት መፈተኛ ነው ይባላሉ፤ ለዓላማው ነፍሱን እሰጣለሁ የሚል ሰው አንዲት ፊርማ ምን ያሳሳዋል? ወረቀቱ ተጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ይህ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ዓይኑ ተገልጦ ቢወጣና አየሁ የሚለውን ቢናገር ምን ይገጥመዋል? ምስክሩ ገና ምስክር የመሆን አሳብ ሳይኖረው ቃሉ አስቀድሞ ተገድሏል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ወረቀት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጩኸት ከጋዜጣ መጣ። በሴፕቴምበር 1972 የሳን ፍራንሲስኮ ኤግዛሚነር የሃይማኖት አምድ አዘጋጅ የነበሩት ሌስተር ኪንሶልቪንግ፣ ራሳቸውም ቄስ ናቸው፣ ሙት አስነሣለሁ ስለሚለው ነቢይ ስምንት ተከታታይ ጽሑፎች አዘጋጁ። አራቱ ወጡ። የመቅደሱ ሰዎች በጋዜጣው ደጃፍ ተሰልፈው ዋሉ፣ በክስም አስፈራሩ፤ የቀሩት አራቱ ሳይታተሙ ቀሩ። ጆንስ ከዚህ የተማረው ትምህርት ቀላል ነው፦ ጋዜጣ ይፈራል።

ከዚህ ቤት ከወጡት ሁሉ ግን ልባችንን ይበልጥ የሚነኩት ስምንቱ ተማሪዎች ናቸው። መቅደሱ ወጣት አባላቱን በሳንታ ሮዛ ከተማ ኮሌጅ ያስተምር ነበር፤ በአንድ ላይ ይኖራሉ፣ በአንድ ላይ ያጠናሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ለጉባኤ ይመለሳሉ። በ1973 ከእነዚህ ስምንቱ፣ ጥቁርም ነጭም፣ ሴትም ወንድም፣ ለማንም ሳይናገሩ ባንድነት ጠፉ። ይከተሉናል ብለው ስለ ፈሩ አውራ ጎዳናውን እየሸሹ ወደ ሰሜን ነዱ። ለጆንስም ደብዳቤ ጻፉ።

ደብዳቤው የተማሪ ደብዳቤ መሆኑ ያስታውቃል፤ ረጅም ነው፣ የተቆጣ ነው፣ ደጋግሞ ስለ አብዮት ያነሣል። የሚለውም በአጭሩ ይህ ነው፦ ከጉባኤው የሚበዛው ጥቁር ሆኖ ሳለ አዛዦቹ ስለ ምን ነጮች ብቻ ሆኑ? አብዮተኞች ነን እየተባለ የአመራሩ ወሬና ጊዜ ሁሉ በአልጋ ጉዳይ ላይ የሚያልቀው ለምንድነው? እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬም ቢሆን የሚመልሳቸው ያጡ ይመስለናል። ግን ስምንቱ አንድ ነገር አላደረጉም። ጆንስን አልነኩትም። እሱ ታላቅ ሶሻሊስት ነው፣ የሚያበላሹት በዙሪያው ያሉት ናቸው አሉ። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ የሚለው ተረት የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ ካሊፎርኒያም ደርሷል! አንዱን ሰው ከጥያቄ ውጭ አስቀምጦ የቀረውን ሁሉ መጠየቅ፣ ጠያቂው ሳያውቀው ግማሽ መልሱን አሳልፎ መስጠት ነው። በልጆቹ ግን አንፈርድም። እድሜያቸው ሃያ ዓመት ገደማ ነበር፤ ያሳደጋቸውን ቤትና ያመኑበትን አሳብ ባንድ ሌሊት መጣል የሚችል ሰው እምብዛም የለም። ደግሞም እናትና አባታቸው፣ እህትና ወንድማቸው እዚያው ውስጥ ነበሩ።

ጆንስ ለስምንቱ የሰጠው ስም አንድ ነው፦ ከሃዲዎች። ከዚያ በኋላ የወጣው ሁሉ ይህንኑ ስም ወረሰ። ኋላ የወጡ የአመራር አባላት እንደ መሰከሩት ሁላችንም አብረን ብንሞትስ የሚለው አሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በውስጥ ስብሰባ የተነሣው በዚያው ሰሞን ነው። ኦክቶበር 8 ቀን 1973 ደግሞ የመቅደሱ ቦርድ በጉያና የእርሻ ሚሲዮን እንዲቋቋም ወሰነ። ስምንት ተማሪዎች ቢሄዱ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ምን ይጎድልበታል? ለጆንስ ግን መውጣት የሚቻል መሆኑ መታየቱ ራሱ አደጋ ነበር። መውጫ የሌለበት ቦታ መፈለግ ነበረበት።

እስከዚያው ድረስ ግን በከተማው ያለ ሥልጣኑ እያደገ ሄደ። ለዚህ ደግሞ የፖለቲካ ሰዎችን እንወቅሳለን። በዲሴምበር 1975 ጆርጅ ሞስኮኒ የሳን ፍራንሲስኮ ከንቲባ ሆነው ሲመረጡ ያሸነፉት ከ5 ሺህ ባነሰ የድምፅ ብልጫ ነው፤ የመቅደሱ አባላት ደግሞ ቤት ለቤት እየዞሩ ቀስቅሰውላቸዋል። አንድ ስልክ ተደውሎ መቶ ሰው፣ ሁለት መቶ ሰው፣ ጥቁርና ነጭ ተደባልቆ፣ ንጹሕ ለብሶ፣ በሰዓቱ የሚያቀርብ ሌላ ማን አለ? አባላቱ በትእዛዝ ለባለ ሥልጣን የምስጋና ደብዳቤ በመቶ እየጻፉ ይልካሉ፤ የእጅ ጽሑፉ እንዲለያይ ይደረጋል እንጂ ቃሉ አንድ ነው። ጆንስ በ1976 የከተማው የቤቶች ኮሚሽን አባል ሆኖ ተሾመ፤ በ1977 መጀመሪያ ሊቀ መንበሩ ሆነ። በዚያው ጊዜ በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም የሰብአዊነት ሽልማት ተቀበለ። እንግዲህ የተደበደበች ልጅ አባት ቢከስስ የሚከስሰው ይህንን ሰው ነው።

ያችን ልጅ የወለዱት ባልና ሚስት ከስድስት ዓመት ያህል አባልነት በኋላ በ1975 ወጡ። ወጥተው በመጀመሪያ ያደረጉት ምን መሰላችሁ? ጋዜጣ ቤት አልሄዱም፤ ፖሊስም አልሄዱም። ፍርድ ቤት ሄደው ስማቸውን ቀየሩ። ኤልመርና ዲያና መርትል የነበሩት አልና ጂኒ ሚልስ ተባሉ። በድሮ ስማቸው የፈረሙበት ባዶ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበርና፣ ወረቀቱን ማስመለስ ባይችሉ ፈራሚው እንዳይኖር አደረጉ። የመፈራረሙን ነገር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አናውቅም።

በ1977 የክሮኒክል ጋዜጣ ሪፖርተር ማርሻል ኪልዳፍ ስለ መቅደሱ መጻፍ ፈልጎ፣ የገዛ ጋዜጣው አልፈልግም ስላለው፣ ከፊል ትሬሲ ጋር ሆኖ «ኒው ዌስት» ለሚባል መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። የመቅደሱ ሰዎችና ወዳጆቻቸው ነገሩ እንዳይወጣ መጽሔቱን በስልክና በደብዳቤ አጥለቀለቁት። ውትወታው ራሱ ወሬ ሆኖ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በየሰፈሩ ተደብቀው የነበሩ የቀድሞ አባላት ይህን አንብበው፣ አንድ በአንድ ስልክ ይደውሉ ጀመር። በ1972 የሠራው ዘዴ በ1977 ከዳው ማለት ነው። ጋዜጠኞቹ በምስጢር የተነገረ አንቀበልም፣ ስማችሁንና ፎቶግራፋችሁን ስጡ አሉ። አሥር ሰዎች ሰጡ። የኦገስት 1 ቀን ቁጥር ተሠራጭቶ ሕዝብ እጅ ሲገባ ጆንስ ጉያና ገብቷል።

አሥሩ ሰዎች የተናገሩት ለብዙዎቹ ከፍርሃት በላይ ኀፍረት ነበረው። ምክንያቱም እጃቸው ንጹሕ አልነበረም፤ ገንዘብ የቆጠሩ፣ የደበደቡ፣ ሲደበደብ ያጨበጨቡ፣ ሐሰተኛ ፈውስ ያዘጋጁ ከእነሱ መካከል ነበሩ። ያወቁትም ስለዚሁ ነው። ሰው ግን ንጹሕ ምስክር ይፈልጋል፤ «አንተስ እዚያ ምን ትሠራ ነበር? ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን ቆየህ?» ይላል። ጥያቄው መጠየቁ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ውስጥ ያልነበረ ሰው አያውቅም፣ ውስጥ የነበረ ሰው አይታመንም ከተባለ የሚመሰክር ከየት ይመጣል?

የከንቲባው መልስ አጭር ነበር፦ የቀረበው ወቀሳ እንጂ ሕግ መጣሱን የሚያሳይ ማስረጃ አይደለም፣ ስለዚህ አንመረምርም። ዐቃቤ ሕጉ በበኩሉ ብዙ ሰው አነጋግሮ ለክስ የሚበቃ ነገር አላገኘሁም አለ። በዚያው መሥሪያ ቤት ደግሞ የመቅደሱ ዋና ጠበቃ ቲም ስቶን ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ነበር። መቅደሱ የታቀፈበት «ዲሳይፕልስ ኦቭ ክራይስት» የሚባለው የአብያተ ክርስቲያናት ማኅበርም አንድን ጉባኤ የሚያስወጣበት ሥርዓት ስላልነበረው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሁሉም የየራሱ ደንብ ነበረው፤ ደንቡም በየቦታው ትክክል ነበር።

የዚሁ የስቶን ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ለብዙ ወረቀቶች ቃል ያወጣላቸው እሱ ነበር። በ1972 የሚስቱን ልጅ የወለደው ጆንስ ነው፣ እኔው ለምኜው ነው ብሎ በፊርማው አረጋግጧል። በ1977 እሱም ከዳ፤ ሚስቱ ግሬስ ቀደም ብላ ወጥታ ነበር። ሁለቱም ልጃቸውን ጉያና ከጆንስ እጅ ለማስመለስ ሲከስሱ የተመዘዘባቸው ያው ወረቀት ሆነ። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት በ1977 መጨረሻ ልጁ ለእናቱ ይሰጥ ብሎ ቢፈርድም ጆንስ አልሰጥም አለ። ሲጠብ የነበረው ገመድ የራሱን አንገት ያዘ ማለት ይቻላል፤ ግን ገመዱ ልጁንም ይዞ ነበርና ደስ የሚል ነገር የለውም።

በዚህ ጊዜ የወጡትና ቤተሰባቸው ውስጥ የቀረባቸው ሰዎች «የተጨነቁ ዘመዶች» የሚል ማኅበር አቋቁመው ነበር። ኤፕሪል 11 ቀን 1978 የሰብአዊ መብት ክሳቸውን በጽሑፍ አዘጋጅተው፣ በሳን ፍራንሲስኮ ወደሚገኘው የመቅደሱ ሕንፃ ተሰልፈው ሄዱ፤ ለአሜሪካ ምክር ቤትና ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ላኩ። ልጆቻችን ፓስፖርታቸውንና ገንዘባቸውን ተነጥቀዋል፣ ደብዳቤያቸው ይመረመራል፣ ጠባቂ ታጥቆ ይዞራል አሉ። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከመቅደሱ ለምክር ቤት አባላት በተላከ ደብዳቤ ላይ፣ እየተሳደድን ከምንኖር ብንሞት ይሻለናል የሚል ቃል ነበረ። ይህ ቃል ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁ። ጥያቄው በግልጽ፣ በጽሑፍ፣ ሰባት ወር ቀደም ብሎ የቀረበ ነው።

በወሩ ዴብራ ሌይተን የምትባል፣ ከጆንስ የቅርብ ረዳቶች አንዷ የነበረች ወጣት፣ በጉያና ዋና ከተማ በጆርጅታውን ወደሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ አመለጠች። ጁን 15 ቀን በመሐላ የሰጠችው ቃል ርእሱ ሳይቀር የጅምላ ራስን መግደል አደጋ የሚል ነበር። ሌሊት በድምፅ ማጉያ እየተቀሰቀሱ፣ ሕፃን አዋቂ ሳይባል ተሰልፈው፣ መርዝ ነው የተባለ መጠጥ መጠጣታቸውን፣ ኋላ ፈተና ነበር መባሉን፣ «ነጭ ሌሊት» የሚባል ስም እንዳለው፣ ምንም ሳትሸፍን ዘረዘረች። በዚያው ሰሞን ጋዜጣ ላይም ወጣ።

የኤምባሲው ሰዎች አልሄዱም አይባልም። በየጊዜው እየሄዱ ነዋሪዎቹን ለብቻ እየጠሩ ይጠይቁ ነበር። ደኅና ነህ? ደኅና ነኝ። መውጣት ትፈልጋለህ? አልፈልግም። ከሃዲዎቹ ለእንግዳ የሚመለሰው መልስ አስቀድሞ እንደሚጠና፣ የመለሰውም እንደሚፈተን፣ ፓስፖርቱ የሌለው ሰው መሄጃ እንደሌለው ተናግረዋል። ከተማው ሩቅ፣ ዙሪያው ጫካ፣ ልጁ ወይም እናቱ እዚያው። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን «አልፈልግም» የሚለው ነው። ኋላ በሜይ 1979 የምክር ቤቱ ኮሚቴና ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ያወጡዋቸው ሪፖርቶች ሁለቱም ስለዚህ ጉድለት ይናገራሉ፤ የቀድሞ አባላቱ ቃል የሚገባውን ክብደት አላገኘም። ሪፖርት መቼም ዘግይቶ ሲመጣ ጥርት ያለ ነው።

ካልን ዘንድ አንድ ሰው ሰምቷቸዋል። የካሊፎርኒያው የምክር ቤት አባል ሊዮ ራያን ዘመዶቹን አነጋግረው፣ ጋዜጠኞችና ከማኅበሩ ሰዎች የተወሰኑትን አስከትለው በኖቬምበር 1978 አጋማሽ ጉያና ሄዱ። ሰፈሩ እንዲገቡ ከተፈቀደላቸው አራት ዘመዶች አንዱ፣ በ1973 ከጠፉት ከስምንቱ ተማሪዎች አንዱ የነበረው ወጣት ነው። ከሃዲ ከተባለ ከአምስት ዓመት በኋላ እናቱንና ወንድም እህቶቹን ለመጠየቅ ተመለሰ ማለት ነው። አንድ ሌሊት ዘፈን ተዘፈነ፣ ተበላ፣ ተሣቀ። በማግሥቱ አሥራ አምስት ያህል ነዋሪዎች ከእንግዶቹ ጋር መሄድ እንፈልጋለን አሉ። ከአንድ ሺህ ሰው አሥራ አምስት! ጆንስ ግን ስምንቱ ሲጠፉ ያልቻለውን አሁንም አልቻለም። የታጠቁ ሰዎቹ ፖርት ካይቱማ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ተከትለው ተኮሱ፤ ራያን፣ ሦስት ጋዜጠኞችና ልትወጣ የተነሣች አንዲት ሴት ሞቱ። ወጣቱ ጫካ ገብቶ ተረፈ። እናቱና ከቤተሰቡ ብዙዎቹ በዚያው ምሽት አለቁ። የስቶኖቹም ልጅ በዚያው አለ፤ ስድስት ዓመቱ ነበር። ስለዚያ ምሽት ከዚህ በላይ አንጽፍም። ሌላው ሁሉ የሚጽፈው ያንኑ ነው።

ከሃዲዎቹ የተናገሩት እውነት መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከሰፈሩ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ የቴፕ ክር ተሰብስቦ ኤፍ ቢ አይ እጅ ገባ። ጆንስ ሁሉን ነገር የማስቀረጽ ልማድ ነበረው። ማስፈራራቱ፣ ስብሰባው፣ ዛቻው፣ ነጩ ሌሊት፣ በራሱ ድምፅ ተቀርጿል። በውጭ አገር ባንኮች ደግሞ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ፤ የእነዚያ አሮጊቶች የጡረታ ገንዘብ ነው።

የወጡት ሰዎች ግን ከዚህ በኋላም አልተመሰገኑም። አልና ጂኒ ሚልስ በበርክሊ ለሌሎች ወጪዎች መጠጊያ የሚሆን ማእከል ከፍተው ነበር፤ ጂኒም መጽሐፍ ጻፈች። በፌብሩዋሪ 1980 ባልና ሚስቱ ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር በገዛ ቤታቸው ተገድለው ተገኙ። የገደላቸው ሰው እስከ ዛሬ ለፍርድ አልቀረበም። ከሞት የተረፉትም ሥራ ሲጠይቁ ያንን ስም እየደበቁ ብዙ ዓመት ኖሩ። በአንድ ወገን የከዱ፣ በሌላ ወገን የተረፉ፣ በሦስተኛው የሞኞች ቅሪት።

እርስ በርሳቸውም አልተስማሙም፤ ይህንንም መሸፈን አንፈልግም። ቀድመው የወጡት እስከ መጨረሻው የቆዩትን ያልተናገራችሁት ለምንድነው ይላሉ። እስከ መጨረሻው የቆዩት ደግሞ የእናንተ ክስና ጋዜጣ ነው ጆንስን ያሳበደው የሚል ቂም ያዙ። ይህን ሁለተኛውን አንቀበለውም፤ ሰው እንዳያብድ ተብሎ የታሰረ ሰው አይረሳም። ሆኖም ልጁን የቀበረ ሰው የሚያነሣው ስለሆነ በክርክር የሚረታ ነገር አይደለም። ሁለት እህቶቿና የእህቷ ልጅ የሞቱባት የሃይማኖት ታሪክ ተመራማሪ ሬቤካ ሙር ከባለቤቷ ጋር ከ1998 ጀምሮ ሰነዱንና ቴፑን ስትሰበስብ፣ ለሁለቱም ወገኖች ቦታ ሰጥታ ስታጽፍ ኖራለች። የስምንቱ ተማሪዎች ደብዳቤም ከተሰበሰበው መካከል አለ።

ከሟቾቹ ከ400 በላይ የሚሆኑት፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ስማቸው ያልተለየ ወይም ጠያቂ ያጡ ነበሩ። ብዙ የመቃብር ቦታዎች አንቀበልም አሉ። በ1979 በኦክላንድ ከተማ የኤቨርግሪን መቃብር ተቀብሎ ኮረብታ ቆፍሮ በአንድ ላይ ቀበራቸው። በ2011 የቀድሞ አባላትና ዘመዶች ገንዘብ አዋጥተው አራት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አስነጠፉበት፤ በጆንስታውን፣ በአውሮፕላን ማረፊያውና በጆርጅታውን በዚያ ቀን የሞቱት 918 ሰዎች ስም ተቀርጾባቸዋል። የጆንስ ስም ይግባ አይግባ በሚለው ላይ ብርቱ ጠብ ተነሣ። ከዘመዶቿ 27 ያለቁባት አንዲት ሰባኪ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ ለማስቆም ሞከረች፤ አልሆነላትም። ያስነጠፉት ሰዎች በዚያ ቀን የሞተውን ሁሉ እንጽፋለን፣ አንመርጥም አሉ። ስሙ እዚያ አለ፣ በፊደል ተራ፣ የቤተሰብ ስማቸው ጆንስ ከሆነ ከሌሎች ብዙ ሟቾች ጋር።